የዓርብ ሙቀት

አርባ ሁለት የሚለውን ቁጥር በየሳምንቱ ዓርብ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልጻፈውም፤ ማንም አስገድዶ አላስጻፈኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለዚያ ዘመን የሚያወሩ ሰዎች ጥፋቱን ሁሉ ለካድሬ አሸክመው ራሳቸውን ነጻ ሲያወጡ ስለምሰማ ነው። ካድሬው የራሱ ብዙ አለው፤ ይህኛው ግን የእኔ ነው። አክስቴ ወደ ፍል ውሃው የገባችው ያንን ቁጥር አምና ነበር።

ጊዜው ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ነው። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ የላቦራቶሪ ረዳትነት ተምሬ የተመረቅሁ፣ ያላገባሁና አፌ የማያርፍ ሴት ነበርሁ። ምደባዬ ኮምቦልቻ ሆነ። መንግሥት ከከርሰ ምድር እንፋሎት መብራት ለማመንጨት ጥናት ሊያካሂድ ነው ተባለና አንድ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት ተከፈተ። ጽሕፈት ቤት ስል ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር፣ አንድ ኃላፊ፣ አንድ ሾፌርና እኔ ማለቴ ነው። የቁፋሮው ማሽንና ሠራተኞቹ ከከተማው ወረድ ብሎ፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ ድንኳን ጥለው ሰፍረው ነበር።

ነገሩ ሲያስረዱት ቀላል ነው። ከመሬት በታች የጋለ አለት አለ፤ ውሃ እዚያ ይደርስና ይፈላል፤ ጉድጓድ ቆፍሮ እንፋሎቱን ማውጣት ነው፤ እንፋሎቱ ሞተር ያዞራል፤ መብራት ይሆናል። ኃላፊያችን ይህን በተናገረ ቁጥር እጁን በአየር ላይ ያሽከረክር ነበር። ለኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ይተርፋል፣ ለገጠሩም ይዳረሳል ይል ነበር። እኔም አምኜ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ውሸት ነበር አልልም። ኩራዝ ስታጨስ ባደርሁበት ቤት ያደግሁ ሰው የመብራትን ነገር አልንቅም።

ችግሩ ከጉድጓዱ ሥር፣ በእግር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ፣ ፍል ውሃ መኖሩ ነው። ውሃው ከአንድ ትልቅ አለት ሥር ይወጣና በድንጋይ የታጠረ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ይጠራቀማል። ክርስቲያኑ ጠበል ነው ይላል፤ እስላሙ አላህ ያስቀመጠው መድኃኒት ነው ይላል፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ጉልበታቸውን ይነክራሉ። ወሎ እንደዚህ ናት። ከቦሩ ሜዳ፣ ከቢስቲማ ሳይቀር መገጣጠሚያው የተያዘ ሰው ስንቅ ይዞ መጥቶ ሰባት ቀን ይከርም ነበር።

የእኔ ሥራ ይህን ውሃ መጠበቅ ነበር። ቁፋሮው የፍል ውሃውን ሥር ከነካው መጀመሪያ የሚታወቀው በሙቀቱ ነው። ሙቀቱ ከወትሮው ከጨመረ ቁፋሮው ይቆማል፣ ገንዳው ይታጠራል፣ ሰው እንዲርቅ ይነገራል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ሄጄ ቴርሞሜትር ነክሬ፣ ውሃ በጠርሙስ ቀድቼ፣ አረንጓዴ ሽፋን ባለው መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ቀኑ ዓርብ የሆነው በነዳጅ ምክንያት ነው። ነዳጅ በኩፖን ነበር፤ መኪናዋ ዓርብ ዓርብ ለቁፋሮ ሠራተኞቹ ቀለብ ይዛ ስትወርድ እኔንም ትጭነኛለች፣ ከዚያ ሁላችንም ወደ ደሴ እንወጣለን። ዓርብን የመረጠ ሳይንስ የለም።

ቁፋሮው ሲጀመር የአካባቢው ካድሬ የገበሬ ማኅበሩን ሰብስቦ ንግግር አደረገ። እኔን አጠገቡ አቁሞ፣ ቴርሞሜትሩን ከነናስ መያዣው ከፍ አድርጌ እንዳሳይ አዘዘኝ።

«ይህ የምታዩት መሣሪያ የመሬትን ሆድ ያያል» አለ። «ሐኪም የታማሚን ሆድ እንደሚያይ ማለት ነው። አንዳች ክፉ ነገር ሆዷ ውስጥ ቢኖር ጓዲት ወዲያው ታውቃለች። ስለዚህ ሥጋት አይግባችሁ።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። መሣሪያው ተራ ቴርሞሜትር ነበር፤ የተነከረበትን ውሃ ሙቀት ከመናገር በቀር ሌላ ነገር አያውቅም። ማረም ነበረብኝ። አላረምሁም። ካድሬውን ፈርቼ ነው ብል ያምርልኝ ነበር፣ እውነቱ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። የመሬትን ሆድ የምታይ ሴት መባል ለሃያ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ትንሽ ነገር አይደለም። ሾፌራችንም ነገሩ ጥሞት በየሄደበት ይደግመው ነበር።

ገንዳው ዘንድ ዘወትር የማገኛቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የውሃ አባት ይሏቸዋል። የውሃ አባት ማለት ሰው ተስማምቶ የመረጠው፣ የወንዙን ውሃ በቦይ ለየማሳው የሚያካፍል፣ የፍል ውሃውንም ገንዳ የሚጠርግና ሥርዓቱን የሚያስከብር ሰው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው የጠቀለሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስደርስ ብቻቸውን ይጠብቁኛል። ወንዶቹ ከጁምዓ ሰላት በፊት ለመታጠብ የሚመጡት ከእኔ በኋላ ነው። ሴቶቹ ደግሞ ለሕመማቸው የሚገቡት ማክሰኞና ረቡዕ ነበር።

«አማን አደርሽ ወይ፣ ልጄ» ይሉኛል።

«አማን፣ አባባ። እርስዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ። ነይ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ፤ ድንጋዩ ያዳልጣል።»

ከዚያ ራቅ ብለው ይቀመጡና መሣሪያውን ስነክር ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ። ቅጹ «የገንዳው መካከል» ስለሚል መካከሉ ላይ እነክራለሁ። አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። አርባ ሁለት። እጽፋለሁ። ደስ የሚል፣ ገላን የሚያፍታታ ሙቀት ነው። አንዳንዴ እንዲያውም እግሬን እነክር ነበር።

አክስቴ ከገንዳው አሥር ደቂቃ በሚያስኬድ ቦታ ትኖር ነበር። የእናቴ ታላቅ ናት፤ ቆላ ወርዳ እስላም አግብታ፣ ሰልማ፣ ወልዳ ከብዳ የኖረች። በልጅነቴ ክረምት ክረምት እሷ ዘንድ ነበር የምከርመው፤ ከእናቴ ቀጥላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ሞቷል። አብሯት የቀረው አንድ ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ብቻዋን ነበረች። ጉልበቶቿ ታመው አንታጠፍ ካሏት ዓመታት አልፏቸዋል፤ በእግሯ የምትሄደው ፍል ውሃው በሰጣት ጉልበት ነበር። ማክሰኞና ረቡዕ ትገባለች፣ እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ትንቀሳቀሳለች። ሳትገባ ከቀረች ትተኛለች።

ቁፋሮው ሁለት ወር ከሆነው በኋላ ነገሮች መለወጥ ጀመሩ። መጀመሪያ ድምፁ ነው። ማሽኑ ሲሠራ የሚያሰማው ጩኸት አልነበረም፤ ማሽኑ ከቆመ በኋላ ከመሬት በታች የሚቀጥል ጉምጉምታ ነበር። አክስቴ ቤት መደርደሪያው ላይ ያሉት ስኒዎች እርስ በርስ ይንቀጫቀጩ ነበር። ከዚያ ሽታው መጣ፤ የተበላሸ እንቁላል ሽታ። ኃላፊው ይህ ጋዝ ነው፣ እንፋሎት ለመኖሩ ምልክት ነው፣ ደስ ሊለን ይገባል አለ። እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። መቼ ዝም እንዳሉ ማንም አላስተዋለም፤ አንድ ቀን አለመኖራቸው ተሰማ። ከብቶች ከገንዳው በታች ያለውን የወንዝ መሻገሪያ እምቢ ብለው ላይ ዞረው መጠጣት ጀመሩ። ከአለቱ ጎን ያለው ሾላ በዚያ በኩል ያለውን ቅጠሉን በበጋ ሳይሆን በመኸር አረገፈ።

እኔም አየሁ። ፈራሁም። ግን በየዓርቡ አርባ ሁለት ነበር። አንድ ዓርብ እንኳ ከፍ አላለም፣ ዝቅ አላለም። ኃላፊዬ መዝገቡን ሲያገላብጥ «እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ውጤት በመማሪያ መጽሐፍ እንኳ አይገኝም» ብሎ አመሰገነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለውን ተረት እናቴ በቀን አምስት ጊዜ ትተርተው ነበር፣ እኔ ግን መጠርጠር የሚገባኝን ያን ቀጥ ያለ ውጤት እንደ ሽልማት ይዤ ዞርሁ።

አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ሁላችንም ያ ቁጥር ከፍ እንዲል አንፈልግም ነበር። ከፍ ካለ ቦታው ይታጠራል፤ ከታጠረ በዙሪያው ያሉት ቤቶች ይነሳሉ፤ የተነሣ ሰው በመኪና ተጭኖ ወዴት እንደሚሄድ በሰባ ሰባት አይተናል። አክስቴ «አርባ ሁለት ነው» ስላት «አልሐምዱሊላህ፣ ቤቴ ላይ እሞታለሁ» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ መልካም ዜና ነበር ይዤ የምወርደው።

እውነቱን የተናገሩት የውሃ አባት ብቻ ናቸው። በሁለተኛው ስብሰባ ላይ፣ ካድሬው ስለ ሥራው ስኬት ተናግሮ «ጥያቄ አለ?» ሲል፣ ከኋላ ተነሥተው ቆሙ።

«ውሃዋ ታማለች» አሉ። «ተዚህ ቀደም ከአለቱ ሥር፣ ከዓይኗ ላይ እጄን ነክሬ በነቢዩ ላይ አስር ሰለዋት አወርድ ነበር። ሙቀቷን የምለካው በዚያ ነው፤ አባቴም በዚያ ነበር የሚለካው። አሁን ሦስቱን አልጨርስም። ወላሂ ይህ ነገር ኸይር አይመስለኝም።»

በዚያ ዘመን የመንግሥትን ሥራ በስብሰባ ላይ ኸይር አይደለም ማለት ምን ሊያመጣ እንደሚችል የማያውቅ ሰው አልነበረም። ካድሬው ግን በዕለቱ ደስ ብሎት ስለነበር በቀልድ አለፈው።

«እጅህ አርጅቷል፣ ውሃውስ ደህና ነው» አለ። አባቱ የሚሆኑትን ሰውዬ አንተ ብሎ። «እስቲ ጓዲት ንገሪያቸው።»

ተነሣሁ። መዝገቡን ከፍቼ አሳየሁ፤ ግማሹ ሰው እንኳ ማንበብ አይችልም ነበር፣ ግን አሳየሁ። «ቁፋሮው ከተጀመረ ጀምሮ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም» አልሁ። «እጅ ይሳሳታል፤ መሣሪያ አይሳሳትም።» ተጨበጨበ። ሽማግሌው ቆመው ትንሽ አዩኝ። ቂም አልነበረባቸውም፤ የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው።

«እንግዲህ የሆዷን የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሉና ተቀመጡ።

በማግስቱ የውሃ አባት ገንዳውን በእሾህ አጠሩት። ዓርብ ብቻ ለወንዶቹ ይከፍቱታል፣ በሌላው ቀን ሴትም ወንድም እንዳይገባ ከለከሉ። ከመንግሥት ሐሳብ ጋር አልተሟገቱም፤ የራሳቸውን ሥራ ሠሩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ረቡዕ ለአክስቴ ከቀበሌ ሱቅ የደረሰንን ስኳር ይዤ ብቻዬን ወረድሁ። ከሥራ ውጭ በሌላ ቀን ስወርድ የመጀመሪያዬ ነበር። በገንዳው በኩል አለፍሁ። ከዓርቡ ገንዳ ጋር አንድ አልነበረም። እንፋሎቱ ከእሾሁ በላይ ቆሞ ነበር፤ በድንጋዮቹ ዳር ነጭና ቢጫ ነገር ጋግሯል፤ ወፍ እንኳ አልነበረም። መሬቱ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። በእሾሁ መካከል እጄን አሾልኬ አንድ ጣቴን ነከርሁ፤ ወዲያው አወጣሁት። ጣቴ ተላጠ።

እዚያው ቆሜ ያሰብሁትን አስታውሳለሁ። ዳሩ ላይ የቆመው ውሃ ፀሐይ አግኝቶት ይሆናል አልሁ። ጣት ስስ ነው አልሁ። ጣቴን ሐሰተኛ፣ ቴርሞሜትሩን እውነተኛ አደረግሁ። ለዚህ ነበር የተማርሁት።

አክስቴ ቤት ስደርስ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስትስመኝ አልተነሣችም።

«ስምንት ሳምንት ሆነኝ» አለችኝ። «እየዳህሁ ነው ውጭ የምወጣ። የሽንቴን ነገር ተይው። ሰላቱ ነው የቆጨኝ። ግንባሬ መሬት ከነካ ስንት ጊዜው፤ ተቀምጬ መስገድ ሰለቸኝ።»

«የውሃ አባት ከለከሏችሁ አሉ።»

«ከለከሉን። ሸጋ ሰው ናቸው፣ ለክፋት አይደለም። ግን እሳቸው አንቺ እንደምታዪው የሆዷን አያዩም።» ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። ልግባ ወይስ አልግባ? አንቺ አትግቢ ካልሽኝ አልገባም።»

«እቴቴ፣ እስከ ዓርብ ጠብቂኝ። ለክቼ እነግርሻለሁ።»

ያን ዓርብ ወደ ገንዳው ወረድሁ። እሾሁ ተነሥቶ፣ እንፋሎቱ ቀጥኖ፣ ውሃው ረግቶ አገኘሁት። የውሃ አባት እንደ ሁልጊዜው ቆመው ይጠብቁኛል። ጣቴ ላይ የተጠመጠመውን ፋሻ አዩ።

«ምን ሆንሽ፣ ልጄ?»

እውነቱን ብናገር ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያበቃ ነበር። ረቡዕ ዕለት ይህ ውሃ አቃጠለኝ ብል፣ እሳቸው አንዲት ጥያቄ ይጠይቁኝ ነበር፣ እኔም አንዲት ጥያቄ እጠይቃቸው ነበር። ግን በሕዝብ ፊት እጅ ይሳሳታል ያልኋቸው እኔ ነኝ። በራሴ ጣት ልረታላቸው አልፈለግሁም።

«ሻይ ደፍቼበት ነው» አልሁ።

«አብሽሪ፣ ይድናል» አሉኝ።

ቴርሞሜትሩን ነከርሁ። አምስቱን ደቂቃ ሳይሆን አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። አውጥቼ አየሁት፤ ደግሜ አየሁት። አርባ ሁለት። ከደስታዬ የተነሣ ብቻዬን ሳቅሁ። መኪናዋ ሞተሯን ሳታጠፋ አክስቴ ደጅ ቆመች፤ እኔም ሳልወርድ በመስኮቱ ተናገርሁ።

«እቴቴ፣ ደህና ነው። ግቢ።»

«እርግጥ ነው?»

«አርባ ሁለት ነው። ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት።»

«አላህ ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ። ጉልበት ሰጠሽኝ» አለች። ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ፣ ሄድን።

ማክሰኞ የሆነውን የነገሩኝ አብረዋት የነበሩት ሴቶች ናቸው። ሦስት ነበሩ። የውሃ አባት ያን ዕለት ላይኛው ቦይ ተሰብሮ ለመጠገን ወጥተው ነበር። አክስቴ በሁለቱ ተደግፋ ሄደች፤ እሾሁን በእንጨት ገፉት። እንፋሎቱን ሲያዩ ሴቶቹ ፈሩ። አንዷ «እንተወው ይሆን?» አለች። አክስቴ «የእህቴ ልጅ ለክታዋለች፤ ሁለት ጊዜ አይታዋለች» ብላ እኔ ልቅደም አለች። ሌላ ሰው ደረጃውን ሲወርድ መጀመሪያ የእግሩ ጣት ውሃውን ይነካል፤ ትኩስ ከሆነ ይመለሳል። የእሷ ጉልበት ግን ስለማይታጠፍ ደረጃ አትወርድም ነበር። እንደ ልማዷ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ፣ ቢስሚላሂ ብላ፣ ተንሸራታ ገባች። እስከ ወገቧ።

ያወጧት ሴቶች እጃቸው እስከ ክርናቸው ተቃጥሎ ነበር።

የቁፋሮ ሠራተኞቹ በጭነት መኪናቸው ደሴ አደረሷት። አምስት ቀን ኖረች። አጠገቧ ነበርሁ። ጮኻ እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር፤ ሰው ሲሰድብሽ ቢያንስ የምትሸከሚው ነገር ልኩ ይታወቃል። አልሰደበችኝም። ሐኪሙ እንዴት እንደገባች ሲጠይቃት «አዳለጠኝ» አለችው። ሐኪሙ ሲወጣ ዓይኔን እያየች «አንቺን እንዳይጠይቁሽ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረችም። እሑድ ቀን አረፈች፤ በዚያው ቀን ወስደን መንደሯ ቀበርናት።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአጭሩ ይህ ነው። ኃላፊው «ከተከለከለ ገንዳ ውስጥ ገብታ አዳልጧት» ብሎ ጻፈ፤ እኔም ያነበብሁትን ወረቀት ሳልቃወም መለስሁለት። ገንዳው በሽቦ ታጠረ። ማሽኑ ከጥቂት ወራት በኋላ ጉድጓዱን በብረት ክዳን ዘግቶ ተነሥቶ ሄደ፤ ለምን እንደሄደ ለእኛ አልተነገረንም። መብራትም አልመጣም። መዝገቡን አላረምሁትም። ባርመው የሚታሰር ሰው እንደሚኖር አውቅ ነበር፣ ለእሱ ብዬ ነው እያልሁ ስንት ዓመት ራሴን አጽናናሁ። ለራሴም ብዬ ነበር።

የሚታሰረው ሰው ማን እንደነበር ያወቅሁት በቀብሩ በሦስተኛው ቀን ነው። በአክስቴ ደጅ ዳስ ተጥሎ ሰው ተቀምጧል፤ ቁርኣን ተነብቦ አብቅቷል፤ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነው። የውሃ አባት መጥተው አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ። የሙሰብሓቸውን ዶቃ አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መሣሪያሽ የሆዷን አይደለም ወይ የሚያየው?»

«የሆዷን አይደለም፣ አባባ» አልሁ። «የተነከረበትን ውሃ ብቻ ነው። እጅዎን ሲነክሩ እንደሚያውቁት ነው።»

የሙሰብሓው ድምፅ ቆመ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ድምፃቸው ተቆራርጦ ወጣ።

«እኔ ሐሙስ ማታ የወንዙን ቀዝቃዛ ውሃ በቦይ ወደ ገንዳው እለቃለሁ። ለጁምዓ የሚታጠበው ወንድ፣ ሽማግሌው ሕፃኑ እንዳይቃጠል። ፊትም ደንባችን ነው። ውሃዋ መታመም ስትጀምር ጨምሬ ለቀቅሁ። እጄ የሚችለው ልክ ላይ እስክትደርስ፣ በየሳምንቱ እየጨመርሁ። አንቺም የመንግሥት እንግዳ ነሽ፣ እጅሽን ትነክሪያለሽ፣ ታባትሽ ቤት የመጣሽ ልጅ ነሽ። እንዳትቃጠዪብን ብዬ ሌሊት ተነሥቼ እየነካሁ አስተካክላት ነበር። ያው የሆዷን ታይ የለ፣ ላይ ላዩን ባበርደው ምን ይጎዳል ብዬ።»

የለካሁት ውሃውን አልነበረም። በየዓርቡ የለካሁት የእሳቸውን እጅ ነበር፤ ያ እጅ ደግሞ አንድም ቀን አልተሳሳተም። ቦዩ ወደ ገንዳው ሲወርድ በዓይኔ አይቼ፣ ለማሳ ነው ብዬ አልፌው ነበር። መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር። ከአለቱ ሥር መለካት የእኔ ሥራ ነበር። ለመንግሥት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ያን ጊዜ አሻጥር ተብሎ ወህኒ የሚያስገባ መሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ፤ እያወቁ ነገሩኝ።

ከዚያ ሽማግሌው ተንቀሳቅሰው በጉልበታቸው ፊቴ ተንበረከኩ። ሰው ሁሉ ያያል። እጄን ያዙ። የእሳቸው መዳፍ ተልጦ፣ ደርቆ፣ እንደገና የተላጠ ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኋት፣ ልጄ። አፉ በይኝ» አሉኝ። «ለአላህ ብለሽ አፉ በይኝ።»

ዙሪያውን አየሁ። የአክስቴ ጎረቤቶች፣ ያወጧት ሴቶች በፋሻ የታሰረ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሁሉም የእኔን መልስ ይጠብቃሉ። የገደልኋት እኔ ነኝ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደረሰ። ለመናገር አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

«ይቅር ብያለሁ፣ አባባ» አልኋቸው። «ይነሡ።»

እጄን ስመው አለቀሱ፤ እኔም ተውኋቸው። በዓመቱ ሞቱ ሲባል ደሴ ሆኜ ሰማሁ፤ ለቀብራቸው አልወረድሁም።